ከዳገቱ በኋላ ያለችው ደቂቃ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ጫፍ ቆሜ ሯጮች ሲደርሱ ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እኔም እሮጣለሁ፤ የእኔ ሩጫ ግን ቆመው የሚያዩት አይደለም። የታዘብኩት ነገር አለ። ዳገቱን ማን ቀድሞ እንደወጣ ለማየት ዓይን ይበቃል፤ ጠንካራው ማን እንደሆነ ግን በዚያ አይታወቅም። ቀድሞ የደረሰው ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ሲያለከልክ፣ ሦስተኛ የደረሰው ላቡን በክንዱ ጠርጎ «ዛሬ ጭቃው ደግሞ ባሰበት» ብሎ ወሬ ይጀምራል። እኔ ጠንካራ የምለው እሱን ነው። ዳገቱን ሁሉም ይወጣዋል። ከወጡ በኋላ ማን ቀድሞ አወራ ነው ነገሩ።

* * *

በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ በየሰከንዱ አንዴ የሚመታ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። አንዱ ምት ከቀጣዩ በ1,040 ሚሊሰከንድ ይርቃል፤ ሌላው በ960፤ ደግሞ ሌላው በ1,010። ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሺኛ ናት። ባለሙያዎቹ የልብ ምት መለዋወጥ የሚሉት ይህችን ትንሽ መዛነፍ ነው። ጤነኛ ልብ ሲያርፍ ይዛነፋል። የተጨነቀ፣ የታመመ ወይም ገና ከሩጫ የቆመ ልብ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይመታል።

እኛ «ልቡ የረጋ ሰው» ብለን እናመሰግናለን። ሐኪም ግን ምቱ ከልክ በላይ የረጋ ልብ ሲያይ ይሰጋል። ሆን እና ሊ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ በማህፀን ያለ ሕፃን ሲጨነቅ የልብ ምቱ ቁጥር ከመለወጡ በፊት መዛነፉ ነው የሚጠፋው። ልብ ሥርዓት ሲያበዛ የሆነ ነገር አስጨንቆታል ማለት ነው።

* * *

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርድ መኪና ተሳፍሮ የተቃጠለ ፍሬን ያልሸተተው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ልብም ፍሬን አለው። ቬገስ ይባላል፤ ከአንጎል ሥር ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ነርቭ ነው። ልብን ማንም ሳይነካው ለብቻው ብንተወው በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል። ስናርፍ 60 የሚሆነው ፍሬኑ ስለተያዘ ነው። ሩጫ ስንጀምር ሰውነት መጀመሪያ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሳል፤ ነዳጅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስንቆም ደግሞ ቀድሞ የሚመለሰው ፍሬኑ ነው፤ አድሬናሊኑ በደም ውስጥ ትንሽ ይቆያል።

ስለዚህ ከሩጫ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ የፍሬን መፈተሻ ናት። የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች 2,428 ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ ፈትነው ለ6 ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አወጡ። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ምታቸው በ12 ወይም ከዚያ ባነሰ ብቻ የወረደባቸው ሰዎች፣ ዕድሜና ሌላው ሌላው ሁሉ ከታሰበ በኋላ እንኳ፣ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። መኪና ስንገዛ ሞተሩን አስነስተን ድምፁን እናዳምጣለን። ፍሬኑን የሚሞክረው ብልህ ገዢ ነው።

* * *

የስፖርት መምህራችን ፊሽካ ሲነፋ ሁላችንም ቀጥ ብለን ሁለት ጣት አንገታችን ላይ እናደርጋለን። 10 ሰከንድ መቁጠር፣ በ6 ማባዛት፣ ደብተር ላይ መጻፍ። «በአውራ ጣት አይደለም! አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው!» እያለ በመካከላችን ይመላለሳል። አንድ ቀን አጠገቤ የነበረው ልጅ የእኔን 174 ኮርጆ ጻፈ። መምህሩ ሁለቱን ደብተሮች አየና «የሰው ልብ ደግሞ ይኮረጃል?» ብሎ ሁለታችንንም ሜዳውን አንድ ዙር አስሮጠን። ስንመለስ ደግመን ለካን። ያኔ አልተመሳሰልንም።

ያ አለካክ ዛሬም አይናቅም። ግን አንዲት ምት የሳተ ሰው በደቂቃ 6 ይስታል። አንገቱን ጫን አድርጎ የያዘ ደግሞ ሌላ ነገር ይሠራል፤ የአንገት ደም ስር ላይ የደም ግፊት የሚያውቁ ነርቮች አሉ፤ ሲጫኑ ግፊት የጨመረ መስሏቸው ልብን ቀስ ያደርጋሉ። ለካሁ ሲል የሚለካውን ነገር ለወጠው ማለት ነው።

* * *

ውኃ በሞላ እንስራ ላይ ያለችን ትንሽ ሞገድ መለካት ይቻላል። ቧንቧው እየተንቆረቆረበት ሳለ ለመለካት የሞከረ ግን ሞገዱንም ሙላቱንም ይቀላቅላል። ከከባድ ሩጫ በኋላ የልብን መለዋወጥ መለካት እንዲህ ያለ ጣጣ ነው። ምቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ180 ወደ 110 ሲወርድ፣ መውረዱ ራሱ መለዋወጥ ሆኖ ይቆጠራል። መሣሪያው «ልብህ በደንብ እየተዛነፈ ነው፣ ደስ ይበልህ» ይላል፤ ልብ ግን ገና ቁልቁለት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ባለሙያዎች ባወጡት የጋራ መመሪያ ለአጭር ልኬት 5 ደቂቃ ተቀምጧል፤ ያ ግን ልቡ ከአንድ ሁኔታ ለማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ለሯጭ ሌላ ዘዴ ተፈለገ። አር ኤም ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ስሌት እያንዳንዱን ምት ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ያወዳድራል፤ ልዩነቱን በራሱ ያባዛል፣ አማካዩን ያወጣል፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን ይወስዳል። ጎረቤታሞች ቁልቁለቱን አብረው ስለሚወርዱ ቁልቁለቱ ብዙም አያሳስታቸውም። ጎልድበርገር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ስሌት በ30 ሰከንድ፣ በ30 ሰከንድ ቆራርጠው ሞከሩት። አትሮፒን በሚባል መድኃኒት ፍሬኑን አላቀውም ደግመው ለኩ፤ ያን ጊዜ የትኛው የፍሬኑ ሥራ እንደሆነ ተለየ።

በዚሁ ስሌት የእኔ ደብተር፣ በሚሊሰከንድ፣ እንዲህ ይላል። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ 38። ከሦስተኛው ዳገት በኋላ ባለችው ደቂቃ 3። ከ10 ደቂቃ በኋላ 6። ማታ 21። በማግሥቱ ጠዋት 30። በሦስተኛው ቀን 39። ዳገቱ የፈጀብኝ ስድስት ደቂቃ ነው። ከዳገቱ የተመለስኩት በሁለት ቀን ነው።

* * *

«እፎይ» ቃል ይመስለናል እንጂ ትንፋሽ ነው። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ ልብ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቀስ ይላል። ካርል ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1847 በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት አስቀረጸው። የእኛ አያቶች ከበሮውም ወረቀቱም አላስፈለጋቸውም። «ፎ»ን ረዘም አድርጋችሁ በሉት፤ ደረት ባዶ እስኪሆን የሚያስወጣ ቃል ነው። ሸክም ያወረደ፣ ዳገት የጨረሰ፣ ከወሊድ በሰላም የተነሳ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ፍሬኑን በአፍ መያዝ ነው።

የሚቃረነው ደግሞ አለን። አዎን ወደ ውስጥ ስበን የምንመልስ ሰዎች ነን። አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ 5 ደቂቃዬን ስለካ ባለቤቴ የቤት ኪራዩን፣ የልጅ ክፍያውን፣ የእህቷን ነገር ታወራልኛለች። በየዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ አንዳንድ አየር ሳብ እያደረግሁ አዎንታዬን ሰጠሁ። ውጤቱ ሲወጣ መስመሩ የመጋዝ ጥርስ መስሏል። መሣሪያው ያየው የእኔን መስማማት ነው።

* * *

ስለ አበበ ቢቂላ ሲወራ ሮም ይቀድማል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ባዶ እግር። እኔን የሚገርመኝ ቶኪዮ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ትርፍ አንጀቱ ተቀዶ ከወጣ 35 ቀኑ ነበር። መስመሩን እንዳለፈ ግን አልወደቀም፤ ሳሩ ላይ ወጥቶ ይሳሳብ፣ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ያንቀሳቅስ ጀመር። ሁለተኛው፣ እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ፣ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው።

ሮም ላይ ሰው ያየው ሩጫውን ነው። ቶኪዮ ላይ ሙሉ ስታዲየም ቁጭ ብሎ የአንድ ሰው ልብ ወደ ቦታው ሲመለስ አየ። ምን ያህል እንደመታ የቆጠረ የለም። ገመድ አልባው የደረት መለኪያ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 በፊንላንዱ ፖላር ነው፤ አበበ ያኔ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ቁጥር ባይኖርም የሚያውቅ ዓይን ያየዋል። ከማራቶን በኋላ ጂምናስቲክ የሚሠራ ሰው ፍሬኑ አልተበላም።

* * *

ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሮ፣ አንዴ ተቀይሮ፣ ቀሪውን በእግር የወጣ ሰው በአንድ ጠዋት ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እላይ የኦክስጅን ድርሻው ያው ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ገደማ። ሯጮች ይህን በቁጥር ሳይሆን በፕሮግራም ነው የሚያውቁት፦ ለቀላል ጫካ እንጦጦና የካ፣ ለፍጥነት ዝቅ ወዳለው አቃቂ።

ባለፈው ክረምት ከሲያትል የመጣ የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ወጣ። «እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ» እያለ ነው የተነሳው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ለሦስት ቀን የጠዋት ቁጥሩ ከተለመደው ግማሽ በታች ሆነ። ደሙ የዚህ አገር ነው፤ ትንፋሹ ግን 20 ዓመት ባሕር ዳርቻ ከርሟል።

ደጋ ስለኖሩት ሰዎች ሲንቲያ ቢያል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ሥራ አለ። ሰሜን ጎንደር ውስጥ አምባራስ በሚባል፣ 3,530 ሜትር ላይ ባለ ቦታ የሚኖሩ ገበሬዎችን መረመሩ። በደማቸው ያለው ኦክስጅን የመሙላት መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም እንደ ቆላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ሰዎች ደማቸውን አወፍረው፣ የቲቤት ሰዎች ባነሰ ኦክስጅን ኖረው የሚችሉትን ከፍታ፣ የአምባራስ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይኖርበታል። ያንን ዳገት በየቀኑ ወጥቶ ውኃ የሚቀዳ ሰው የሩጫ ሰዓት አያስፈልገው ይሆናል፤ አስፋልት ግን ያስፈልገዋል።

* * *

ይህች ከተማ ራሷ ከዳገት በኋላ የመጣች ዕረፍት ናት። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን እንጦጦ ላይ ሠሩ፤ ለጦር ጥሩ ነው፣ ለብርዱ ግን አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ መታጠብ ወደዱ፤ ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች። ዋና ከተማ የሚቆረቆረው በወንዝ፣ በንግድ መንገድ ወይም በምሽግ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የእኛ የተቆረቆረችው ወገብ በሚያፍታታ ሙቅ ውኃ ነው።

ደኑ ደግሞ በተራው ከተማዋን አሳረፋት። ማገዶ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ እንደ ልማዱ ሊሰደድ ነበር፤ አዲስ ዓለምም ተመርጣ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ደረሰና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ዛሬ ሯጩ ዚግዛግ እየሠራ የሚያልፍበት፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ፓርክ የተከፈተበት ጫካ ያ የማገዶ ዛፍ ነው። አሁንም ማገዶ ነው፤ ለማን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

* * *

ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዱን የተከራየችው ልጅ ሯጭ ናት። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው የመጣችው። ከልምምድ ስትመለስ ትበላለች፤ ትተኛለች፤ ተነስታ ትበላለች። ሠርግ አትሄድም፤ ገበያ በእግሯ አትሄድም፤ ፀሐይ ላይ አትቆምም። አከራያችን መጀመሪያ ሰሞን ጠርታ «ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ አሟት ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ለልጅቷ ነገርኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምሠራው ስተኛ ነው። ጫካ የምሄደው ለመድከም ነው።»

ስታንሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 የብዙ ጥናት ውጤት ሰብስበው ነበር። የልብ ፍሬን ከቀላል ልምምድ በኋላ እስከ 24 ሰዓት፣ ከመካከለኛ በኋላ ከ24 እስከ 48፣ ከከባድ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይፈልጋል ይላል ድምዳሜያቸው። የልጅቷ ፕሮግራም ማክሰኞ ከባድ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀላል፣ ዓርብ ከባድ ነው። አሠልጣኟ ይህን ያገኘው ከራሱ አሠልጣኝ ነው፤ ያም ከራሱ።

አንድ ሐሙስ «ሰዓትሽ ምን አለ?» አልኳት።

«ሰዓቱን ለጓደኛዬ አውሼዋለሁ። እግሬ ግን ገና ነው ብሎኛል።»

ሯጮች ይህን ኮንዲሽን ይሉታል። ኮንዲሽን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ይጠበቃል። ቃሉን ከፈረንጅ ወስደን እንደ ነፍስያ የምንፈራው ነገር አድርገነዋል።

* * *

አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የካ ጫካ ውስጥ ከጅብ ጋር ተገናኘሁ። እሱ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ቆሜያለሁ፤ አንድ እርምጃ አልተራመድኩም። ቤት ገብቼ ስመለከት ሰዓቴ ያንን አንድ ደቂቃ የዕለቱ ከባድ ልምምድ ብሎ መዝግቦታል።

ሌላ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ሩጫ የሚባል አልሞከርኩም። ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ቤት ነበር የማድረው፤ ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ። ጠዋት ስለካ ቁጥሩ ከማራቶን በኋላ እንኳ ያልደረሰበት ድረስ ወርዷል። መሣሪያው «ልምምድ አብዝተሃል፤ ዛሬ ቀለል አድርግ» ሲል መከረኝ። አልተሳሳተም፤ የደከመ ልብ አይቷል። ያደከመውን ግን አያውቅም። ለዚህ መሣሪያ ጅብም፣ ሐዘንም፣ ዳገትም አንድ ናቸው።

* * *

ስቅለት ዕለት ሰዓቴን ሳላወልቅ የካ ሚካኤል ሄድኩ። ማታ ሳየው የስግደቱን ጊዜ «ያልታወቀ ስፖርት» ብሎ አስቀምጦታል። ከአጠገቤ የሰገዱት እናት ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። ሰግደው ተነስተው፣ ሰግደው ተነስተው፣ በየመካከሉ ግንቡን ደገፍ ይሉና ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። በርናርዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 እንደሚያወርድ፣ የልብም መለዋወጥ ከትንፋሹ ጋር እንደሚገጥም አሳይቷል። 41 እግዚኦታን እንዲያ የለካ ሰው አላየሁም። እናታችን ግን ከእኔ ቀድመው ተነሱ።

* * *

ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ሁለት ሰዎች በልብ መለዋወጥ ቁጥራቸው ይፎካከራሉ። «የእኔ 70 ነው።» «የእኔ 45፤ ልሞት ነው ማለት ነው?» አትሞትም። ይህ ቁጥር በዕድሜ ይወርዳል፤ ከሰው ሰውም በተፈጥሮው ይለያያል። 45 ሆኖ የሚኖር ጤነኛ አለ፤ ከ110 ወደ 70 የወረደ በሽተኛም አለ። ሰው የሚወዳደረው ከራሱ ትናንት ጋር ነው። ደግሞ ሁለቱም ሁለተኛ ማኪያቶ ጠጥተው ነው የለኩት።

* * *

ቀልድ የማይነካው ገጽ አለ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. ወጣቷ ሯጭ ዓለም ተቻለ ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ጫካ ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ አረፈች። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በካናዳ የዓለም ወጣቶች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ነበረች። በወቅቱ የተነገረው የልብ ችግር ነው።

ይህን የማነሳው እጃችን ላይ ያለው ሰዓት ሐኪም እንዳይመስለን ነው። መለዋወጥን መለካት ድካምንና ዕረፍትን ይለያል፤ በልብ ጡንቻ ወይም በልብ ኤሌክትሪክ ላይ የተደበቀ የውልደት ችግርን አይፈልግም። ለዚያ ያለው የሐኪም ምርመራ ነው፤ ኢሲጂ፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያም በፊት «በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» የሚል ጥያቄ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።

* * *

ከዳገት ስመለስ ሰዓቴ የማገገሚያ ጊዜዬን ይነግረኛል፤ «41 ሰዓት»። ፊቱን አይቼ እስቃለሁ። ከእነዚያ ሰዓቶች ስንቱን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደማሳልፍ አያውቅማ። ግቢያችን ያለችው ልጅ ዕረፍቷን የምታገኘው ምሳዋን፣ ክፍሏንና አልጋዋን አስልታ ነው፤ ማናጀር ብታገኝ ከዚያ የተሻለ ዕረፍት ይኖራታል። ድካም በዳገቱ ላይ ለሁሉም እኩል ይታደላል። ዕረፍት ግን ይገዛል።

* * *

ባለፈው ቅዳሜ አራተኛውን ዳገት ጨርሼ ከመንገዱ ዳር የደረት ማሰሪያዬን አስተካክላለሁ። ከጫካው ውስጥ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወጡ። ከ30 ኪሎ በላይ እንደሚሆን በዓይን ይታወቃል፤ ከኋላ ሲያዩት እግር ያለው ነዶ ነው። ሸክሙን አላወረዱም። ካወረዱት መልሶ የሚያሸክማቸው ሰው የለም። ወደ ተቆረጠው አፈር ግድግዳ ጀርባቸውን አዙረው ጭራሮውን አሳረፉት፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ እንደተቋጠረ ነው። ሁለታችንም ደረታችን ላይ ማሰሪያ ነበረን።

«እፎ—ይ» አሉ፤ ረዥም።

እኔ ጉልበቴን ይዤ አጎንብሻለሁ።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ቀድመው ያወሩት እሳቸው ናቸው። ሰዓቴን ገለጥኩ። መጀመሪያ የወጣው 41 ሰዓት የሚለው ገጽ ነው፤ በጣቴ ወዲያ ገፋሁት። 8:15 ይላል።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ» አልኩ፤ በሁለት ትንፋሽ።

«ውይ፣ ረፈደብኝ!» ብለው ከግድግዳው ተላቀው ቁልቁል ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ጭራሮው ብቻ ታየ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ልቤ ገና 138 ላይ ነበር።